የስፖርት መኪናን የአራት ጎማ ክብደት በእህል ሚዛን ማመጣጠን

ዝቅ ተደርጋ ከፍታው የሚስተካከል ሞላ የተገጠመላት ቀላል መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ መንገዱን ይዛ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ግን አፍንጫዋ ወደ ውጭ የሚሸሽ ከሆነ፣ ፍሬን ሲረገጥም ሁልጊዜ አንዱ የፊት ጎማ ቀድሞ የሚይዝ ከሆነ፣ አላይመንቱና ፍሬኑ ደህና መሆናቸው ከታየ በኋላ የሚቀረው ጥርጣሬ ክብደቱ በአራቱ ጎማ ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚመረተው አራት ሰሌዳ ያለው ኤሌክትሮኒክ ሚዛን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ዕቃ ነው። ጎጃም ውስጥ ግን ከቢቸና እስከ ቡሬ ኩንታል የሚመዘንበት ሚዛን የሌለው የእህል ነጋዴ አይገኝም። አንድ እንዲህ ያለ ሚዛን ለአንድ ቀን ተውሶ ሥራውን በግቢ ውስጥ መጨረስ ይቻላል።

አስቀድሞ ምን እንደሚስተካከልና ምን እንደማይስተካከል ይለይ። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ አንዱ እግሩ በሽብልቅ ከፍ ቢል ጫናው በዚያ እግርና በሰያፍ በተቃራኒው ባለው እግር ላይ ይወድቃል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ይቀላሉ። የመኪና ሞላም እንዲሁ ነው። የፊት ቀኙን የሞላ መቀመጫ ከፍ ስታደርጉ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ ጎማ ይከብዳሉ፣ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ይቀላሉ። የፊትና የኋላ ድርሻ፣ የግራና የቀኝ ድርሻ ግን የሞላ መቀመጫ ከፍ ዝቅ ቢል ፈቀቅ አይልም፤ እሱ የሚለወጠው ባትሪን ወይም ሌላ ከባድ ነገርን ከቦታ ቦታ በማዛወር ብቻ ነው። የሞላውን መቀመጫ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ባለ ጥርስ ቀለበት እያዞራችሁ የግራውን ጎን ለማቅለል ብትታገሉ መሽቶ ይነጋል።

ሚዛኑን ስትዋሱ በላዩ የተጻፈውን የመጨረሻ አቅም እዩ። ሹፌር ተቀምጦባት አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ የምትመዝን መኪና ከባዱ ጎማዋ ወደ 300 ኪሎ ስለሚጠጋ 300 ኪሎ የሚለው ሚዛን ጠርዝ ላይ ነው፤ 500 የሚለው ያለ ስጋት ይሠራል። ገበያ በሚቆምበት ቀንና በአጨዳ ማግስት ባለቤቱ ሚዛኑን አይለቅም። ቁጥር ማሳያው ያለበት ምሰሶ ወደ መኪናው ውጭ እንዲሆን አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ አለበለዚያ አካሉን ይነካል። ከተለያየ ቦታ የተለቀሙ አራት ሚዛኖች ከአንድ ሚዛን ይሻላሉ ብላችሁ አታስቡ። አራቱም ጎማ የተመዘነበት አንድ ሚዛን በመቶ ሁለት ቢያበዛ አራቱንም እኩል ስለሚያበዛ በሰያፍ ያሉት ሁለት ጎማዎች ከድምሩ የሚይዙት መቶኛ ላይ ስህተቱ ይጠፋል፤ አራቱ የየራሳቸው ስህተት ካላቸው ግን ውጤቱ ይበላሻል።

የእህል ሚዛን ካልተገኘ እያንዳንዳቸው 180 ኪሎ የሚችሉ ሁለት የሰው ክብደት መለኪያዎች ይበቃሉ። ሁለቱን 60 ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ በላያቸው ጠንካራ ጣውላ አጋድሙ፤ ጣውላው እያንዳንዱን ሚዛን መሃል ላይ በተኛ የ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ብቻ ይንካ። የሁለቱ ንባብ ሲደመር፣ የጣውላና የፌሮው ክብደት ሲቀነስ፣ የጎማው ክብደት ይገኛል። ጎማውን መሃል ለመሃል አድርጉት፤ ትንሽ ወደ አንዱ ቢጠጋ ድምሩን አይለውጠውም። በአንድ ሚዛንና በአንድ ድጋፍ፣ በማንሻ ስሌት የሚሠሩም አሉ፤ እዚያ ግን ጎማው ከድጋፉ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ መሆን ሲገባው በ1 ሴንቲ ሜትር ከሳተ 300 ኪሎው በ10 ኪሎ ይዛባል፣ ስለዚህ አይመከርም። ዲጂታሎቹ ንባቡን ቆልፈው የሚይዙ ወይም ቶሎ የሚጠፉ ስለሆኑ በመርፌ የሚሠራው ለዚህ ይመቻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ወለሉ። ብዙ ሰው ሚዛኑ ላይ ተጨንቆ ወለሉን በዓይኑ ገምቶ ያልፋል፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ጎማው 1 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ሲገፋ በ2.5 ኪሎ የሚከብድ ሞላ ያላት መኪና ላይ፣ ከአንዱ ጎማ ሥር ያለው ወለል በ10 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል 10 ሚሊ ሜትሩ የሚያመጣው 25 ኪሎ ሩብ፣ ማለትም 6 ኪሎ ያህል፣ በዚያ ጎማና በሰያፍ ባልደረባው ላይ ይጨመራል፣ ከሌሎቹም እያንዳንዳቸው ያንኑ ያህል ይቀነሳል። በጠንካራ የውድድር ሞላ ላይ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። አሥር ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን ሚዛን ከአንድ ጎማ ሥር ብቻ አስገብቶ ማንበብ በየጎማው የ60 ኪሎ ውሸት የሚፈጥረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወለሉን ለመለካት 10 ሜትር የሚሆን ውስጡ የሚታይ ነጭ ላስቲክ ቱቦ ግዙ፤ ሻይ ጠብ ያለበት ውሃ ሙሉበት፤ አረፋ እንዳይቀር ደህና አድርጋችሁ አስወጡ። አራቱ ጎማ የሚያርፍበትን ቦታ በጠመኔ አክብቡና የቱቦውን አንድ ጫፍ በአንዱ ነጥብ አስሩ፤ ሌላውን ጫፍ በተራ በሦስቱ ላይ እያቆማችሁ በየጊዜው በሁለቱም ጫፍ ከወለሉ እስከ ውሃው ያለውን ቁመት በሜትር ለኩ። የሚበልጠው ቁመት የዝቅተኛው ቦታ ነው። ልዩነቱን በላሜራ ቁራጭና በኮምፔንሳቶ ሙሉ፤ በአራቱ መካከል ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት አይተዉ። በደጀንና በቢቸና አካባቢ ያለው ዋልካ በክረምት እያበጠ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ የፈሰሰውንም ሲሚንቶ ያንቀሳቅሰዋል። እዚያ ያላችሁ ባለፈው ዓመት በለካችሁት አትተማመኑ፤ በየሥራው ለኩ።

ቀጥሎ ከሚዛኑ ጋር እኩል ቁመት ያላቸው አራት መደቦች ይሠራሉ። አንዱ ሚዛኑ የወጣበትን ጎማ ስለሚተካ ከሦስት ይልቅ አራት ይሻላል። ደረቅ የባሕር ዛፍ ጣውላ፣ 40 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ እየተነባበረ በብሎን ይታሰር። እርጥቡ ጠዋት ተስተካክሎ ከሰዓት ይጣመማል። ብሎኬት ከጎማ ሥር አታስገቡ፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳይታሰብ ይፈርሳል። በእያንዳንዱ መደብና በሚዛኑ ላይ በመካከላቸው ግራሶ የተቀባ ሁለት ላሜራ ይደርብ። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ መኪና ከክሪክ ስትወርድ ጎማዎቿ ወደ ውጭ መንሸራተት ይፈልጋሉ፣ ካልተንሸራተቱ እግሩ ተወጥሮ ይቀርና ሞላው የሚሸከመውን ክብደት ሚዛኑ አያየውም። ከጎማው ፊትና ኋላ በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ማገጃ ጣውላ ምቱ፤ የእጅ ፍሬን አይያዝም፣ ማርሽም ባዶ ይሆናል።

መኪናዋን ስታዘጋጁ የአራቱን ጎማ ንፋስ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መለኪያ ሙሉ። ግራና ቀኝ ያሉት ጎማዎች አንድ ዓይነትና እኩል ያለቁ ይሁኑ። ነዳጅ ግማሽ ታንክ። በሹፌሩ ወንበር ላይ አሸዋ ወይም ገብስ የሞላ ማዳበሪያ ይቀመጥ፤ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 60ው በወንበሩ፣ 15ቱ በፔዳሉ በኩል ወለሉ ላይ። የስታቢላይዘሩን፣ ማለትም የግራና የቀኝ እግሩን የሚያያይዘውን ዘንግ፣ ማገናኛ ከፊትም ከኋላም በአንድ ወገን ፍቱ፤ ታስሮ ከቀረ ራሱ እንደ ሞላ ስለሚገፋ ንባቡ አይታመንም። ሾክ አብሶርበሩ የሚስተካከል ከሆነ ወደ ልስላሴው አዙሩት።

መመዘኑ ራሱ አጭር ነው። መኪናዋ በአራቱ መደብ ላይ ትቆማለች፤ አንዱን ጎማ በክሪክ አንስታችሁ መደቡን በሚዛኑ ትተካላችሁ፣ በቀስታ ታወርዳላችሁ፣ በዚያ ጎን መከላከያውን አራት ጊዜ ያህል ወደ ታች ገፍታችሁ ትለቁና ታነባላችሁ። ከመኪናዋ ሥር ማንም አይገባም፤ ክሪክ ሲያንሸራትት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አራቱንም ዙሩ፣ ከዚያ እንደገና ዙሩ። ሁለቱ ዙሮች በየጎማው ከ2 ኪሎ በላይ ከተለያዩ ምንም ቀለበት አትንኩ። ድምሩ ያው ሆኖ ሰያፉ ብቻ ከተለወጠ የሆነ ነገር እየያዘ ነው፦ ግራሶው ደርቋል፣ ወይም የእግሩ ጎሚኒ ብሎን ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ጠብቋል። ጎሚኒው ተጠምዝዞ ሲታሰር ተጨማሪ ሞላ ይሆናልና ብሎኑን ላሉ፣ መኪናዋ በራሷ ከፍታ ቆማ ሳለ መልሳችሁ አጥብቁ።

ለምሳሌ የፊት ግራ 298፣ የፊት ቀኝ 258፣ የኋላ ግራ 238፣ የኋላ ቀኝ 246 ኪሎ ቢነበብ ድምሩ 1040 ነው። የፊት ቀኝና የኋላ ግራ ሲደመር 496፣ ማለትም 47.7 በመቶ። የሚፈለገው 50 በመቶ፣ 520 ኪሎ ነው፤ የጎደለው 24 ስለሆነ ለሁለቱ ጎማ 12፣ 12 ኪሎ ይጨመራል። ከላይ በተባለው ሞላ ይህ በአንድ ጎማ ብቻ ከተሞከረ 19 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል፣ መኪናዋም ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ለአራቱ ማካፈል ይሻላል፦ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ በ5 ሚሊ ሜትር ከፍ፣ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ በ5 ዝቅ። ያኔ የአካሉ ከፍታ ሳይለወጥ 286፣ 270፣ 250፣ 234 አካባቢ ትደርሳላችሁ። ግራው ጎን አሁንም 536 መሆኑን ልብ በሉ፤ ሹፌሩ በግራ ስለሚቀመጥ ነው፣ ጥፋት አይደለም። ከ49.5 እስከ 50.5 ከገባ ይበቃል፤ ከዚያ የጠበበ ልዩነት ማሳደድ ከወለሉ ስህተት ጋር መታገል ነው።

ቀለበቱ በአንድ ዙር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሄድ ጥርሱን ለክታችሁ እወቁ፣ ከማዞራችሁም በፊት ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ዘይት ቀቡ፤ የክረምት ጭቃ የደረቀበት ጥርስ በግድ ሲዞር ይላጣል። ጎማው ተነስቶ ብቻ ይዞር።

የሞላው ከፍታ የማይስተካከል ከሆነ ቶርኖ ቤት ከአሉሚኒየም የተቆረጠ የ5 ሚሊ ሜትር ቀለበት ከሞላው መቀመጫ ሥር ማስገባት ይቻላል፤ ሞላውን ለማውጣት ግን መጭመቂያ መሣሪያ ግድ ነው። ባትሪውን ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ ማዛወር ሌላው ርካሽ መንገድ ሲሆን በብረት ማሰሪያ ይታሰር፣ ከፖዘቲቩ አጠገብም ፊውዝ ይግባበት። ሞላ በግራይንደር ወይም በጋዝ መቁረጥ ግን አይሞከር፤ ሙቀቱ ብረቱን ያለሰልሰዋል፣ ያጠረውም ሞላ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ይወጣል።

ክብደቱ ከተስተካከለ በኋላ የሹፌሩ ማዳበሪያ ሳይነሳ ስታቢላይዘሩ ይገናኛል። ብሎኑ በእጅ ብቻ መግባት አለበት፤ በመዶሻ ከገባ ያስተካከላችሁትን ሰያፍ መልሶ ያዛባዋል፣ ስለዚህ የማገናኛውን ርዝመት በራሱ ዳዶ ወይም በሮንዴላ አስተካክሉ። ከፍታ ስለተነካ የጎማው አላይመንት ከዚህ በኋላ እንደገና ይሠራል፤ ቀድማችሁ የከፈላችሁበት አላይመንት አይቆጠርም። ለፍተሻ ወደ አባይ በረሃ መውረድ ይቅር፤ የከባድ መኪና ጎማ ያጎበጠው አስፋልት ላይ መሪው ቢጎትት ከመንገዱ ይሁን ከመኪናዋ አይለይም። ክፍት፣ ሜዳና ደረቅ ቦታ ላይ በ40 ፍጥነት ፍሬን ረግጣችሁ በሁለቱ የፊት ጎማዎች የቀረውን ምልክት አወዳድሩ፤ ፍሬኗ መቆለፍን የሚከለክል ሥርዓት ካለው ምልክት ስለማይተው መሪው ወዴት እንደሚጎትት ብቻ ተመልከቱ።