በረጃጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ በኮማና በኮለን አጠቃቀም የሚፈጸሙ ስህተቶች

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር ምክንያትን ወይም ጊዜን የሚገልጸው ጥገኛ ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማል፤ ጸሐፊውም እዚያ ላይ ቆም ብሎ ነጠላ ሰረዝ ያስቀምጣል። እንግሊዝኛ ግን ጥገኛውን ሐረግ ከዋናው በፊትም በኋላም ይቀበላል፤ ኮማ የሚገባበትን ቦታ የሚወስነውም የአንባቢው ትንፋሽ ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩ አወቃቀር ነው። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» ሲቀድም ኮማ ይከተለዋል፤ «ዊ ስቴይድ ሆም ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» ሲባል ግን ከ«ቢኮዝ» በፊት ኮማ አያስፈልግም። እንደ «ዌርአዝ» ያሉ ተቃርኖን የሚያሳዩ ቃላት ግን ከዋናው ሐረግ በኋላ ቢመጡም ኮማ ይቀድማቸዋል።

ረጅም ባለቤትን ከግሡ በኮማ መለየትም የተለመደ ስህተት ነው። «ዘ ሌተርስ ዛት ዊ ሴንት ላስት ዊክ» የሚለው ሁሉ ባለቤት በመሆኑ፣ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ «ዌር ሎስት» ከሚለው ግሥ በፊት ኮማ አይገባም።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ትርጉም የሚለውጠው ኮማ ነው። «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ዱባይ ኢዝ ሲክ» ያለ ኮማ ሲጻፍ፣ ከወንድሞቼ መካከል ዱባይ የሚኖረው ታሟል ማለት ነው፤ «ሁ ሊቭስ ኢን ዱባይ» የሚለው ከፊትና ከኋላ በኮማ ሲታጠር ግን ወንድሜ አንድ ብቻ ነው፣ ዱባይ መኖሩም ተጨማሪ መረጃ ነው። የቤተሰብ ዝርዝር ለሚጠይቅ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ብዙዎች የመጀመሪያውን ኮማ አስቀምጠው ሁለተኛውን ይረሳሉ፤ ይህ ደግሞ ሁለቱንም ከመተው የባሰ ነው።

ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ ማያያዝ በፈተና አራሚዎች ዘንድ ወዲያው የሚታይ ጉድለት ነው። «ሀውኤቨር» በመካከላቸው ቢገባም ኮማው በቂ አይሆንም፤ ከቃሉ በፊት ሴሚኮለን (;) ወይም ነጥብ፣ ከቃሉ በኋላ ደግሞ ኮማ ያስፈልጋል።

በዝርዝር ውስጥ ከመጨረሻው «ኦር» ወይም «ኤንድ» በፊት የሚገባው ኮማ የምርጫ ጉዳይ ነው ቢባልም፣ ዋጋ ያስከፈለበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ ሜይን ግዛት የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማያሰጡ ሥራዎችን የሚዘረዝረው ሕግ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» ይል ነበር። ከ«ኦር» በፊት ኮማ ባለመኖሩ የኦክኸርስት ወተት ድርጅት ሾፌሮች «ሕጉ የሚያወራው ለማከፋፈል ስለማሸግ ነው፤ እኛ ደግሞ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም» ብለው ተከራከሩ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ለእነርሱ ወሰነ፤ ጉዳዩም እ.ኤ.አ. በ2018 በ5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ።

የኮለን (:) ስህተት ደግሞ በአብዛኛው ከራሳችን ልማድ የሚመጣ ይመስለኛል። «የሚያስፈልጉት ሰነዶች፦» ብለን ዝርዝሩን መቀጠል ስለለመድን፣ በእንግሊዝኛም ከ«አር»፣ ከ«ኢንክሉድ» ወይም ከ«ሳች አዝ» ቀጥሎ ኮለን እንከታለን። ከኮለን በፊት ያለው ግን ራሱን ችሎ የሚቆም ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት። ስለዚህ «ዊ ኒድ፦ ፓስፖርትስ ኤንድ ፎቶስ» ስህተት ሲሆን፣ «ዊ ኒድ ቱ ቲንግስ፦ ፓስፖርትስ ኤንድ ፎቶስ» ትክክል ነው። ከኮለኑ በኋላ የሚመጣው ተራ ዝርዝር ከሆነ በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ግን አንዳንድ የአሜሪካ የአጻጻፍ መመሪያዎች በትልቅ ፊደል እንዲጀመር ያዝዛሉ፣ በብሪታንያ ደግሞ ትንሹ ፊደል የተለመደ ነው።