«አልጎሪዝሙ ነው» አትበሉ፦ በኤአይ ዘመን ሚዲያ ስንሠራ የምንሠራቸው ስህተቶች

የዩቲዩብና የቴሌግራም ቻናል ካላቸው ልጆች ጋር ሳወራ አንድ ነገር አስተውላለሁ። ሁሉም ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይጠቀማል። ድምፅ ወደ ጽሑፍ ይቀይሩበታል፣ ዜና ያስተረጉሙበታል፣ ምስል ያሠሩበታል። ሥራ ያቀላል፣ አልቃወምም። ግን «በዚህ ምክንያት ሰው ቢጎዳ ማን ይጠየቃል?» ስላቸው ዝም ይላሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

«አልጎሪዝሙ ነው» ብሎ ማለፍ

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። አልጎሪዝም የምንለው የትኛው ፖስት ለማን እንደሚታይ የሚወስነውን የኮምፒውተር ስርዓት ነው። በ2014 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ስማቸው፣ የሥራ ቦታቸው፣ የሚኖሩበት ሰፈር ሳይቀር ተጻፈ። ትግራዋይ ነበሩ፤ ብዙ ውንጀላም ተለጠፈባቸው። ልጃቸው አብርሃም ፖስቶቹን ደጋግሞ ሪፖርት እንዳደረገ ይናገራል። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ከኩባንያው መልስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በታኅሣሥ 2015 አብርሃም፣ ከሰብዓዊ መብት ድርጅቱ ከአምነስቲ ፍስሃ ተክሌና ካቲባ ኢንስቲትዩት ከሚባል የኬንያ ድርጅት ጋር ሆኖ፣ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። የክሱ ፍሬ ነገር ይሄ ነው፦ የፌስቡክ ስርዓት ቁጣና ጥላቻ ያለበትን ይዘት ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ይዘት ሰውን ስክሪኑ ላይ ያቆየዋል፣ የቆየ ሰው ደግሞ ማስታወቂያ ያያል። ከሳሾቹ ለተጎጂዎች 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋም ጠይቀዋል። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። በመጋቢት 2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ማየት እችላለሁ አለ።

ፖስቱን የጻፈ ሰው አለ። የተኮሰም ሰው አለ። ግን የትኛው ፖስት መቶ ሰው ጋ፣ የትኛው መቶ ሺህ ሰው ጋ እንደሚደርስ የሚወስነውንም ስርዓት የሠራው ሰው ነው። ዒላማ ያወጡለት፣ የፈተኑት፣ ከእሱ ገቢ የሚያገኙ ሰዎች አሉ። «አልጎሪዝሙ ነው» ስንል እነዚህን ሁሉ ነፃ እናወጣለን።

«እኔ ትንሽ ነኝ፣ አይመለከተኝም»

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቃቸው የንግድና ሰብዓዊ መብት መመሪያዎች አሉ። መንግሥት ይጠብቃል፣ ንግድ ያከብራል፣ የተጎዳ ደግሞ ይካሳል ይላሉ በአጭሩ። ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ሁሉም ንግድ ውስጥ አለበት። ከቪዲዮ እይታ ገንዘብ የምታገኙ ከሆነ ንግድ ናችሁ በቃ። ስለዚህ ከቪዲዮአችሁ ሥር የሰው አድራሻ ኮመንት ላይ ሲጻፍ እስከ ነገ አይቆይም፣ ዛሬውኑ ይነሳል። አገራችንም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አላት። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች የጥላቻ ንግግር ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት እንዲያነሱ ይላል። የአዋጁ ትርጉሞች ሰፊ ናቸው፣ ትችትን ለማፈንም ሊውሉ ይችላሉ የሚል ስጋት አለ፣ እኔም እጋራዋለሁ። የሰው ቤት አድራሻ ግን ትችት አይደለም።

የምንጭን ድምፅ ለቻትቦት መስጠት

አንዲት ሴት የደረሰባትን በደል ነግራችኋለች እንበል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቅጂ ነው። ጊዜ የለም፣ ነፃ የሆነ አፕ ላይ ጫናችሁትና ጽሑፉ ወጣ። አሁን ድምፁ የት ነው? የማታውቁት አገር ሰርቨር ላይ ነው። ምናልባት ኤአይ ማሠልጠኛ ይሆናል፣ ምናልባት ሠራተኛ ይሰማዋል። እሷ እናንተን ነበር ያመነችው።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። የእኛ ሰው ከዚህ በፊት ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ቤልጂየምና አሜሪካ ያሉ የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች በመሰለያ ሶፍትዌር ተጠቅተው ነበር። ሲቲዝን ላብ የሚባል የቶሮንቶ የምርምር ተቋም መርምሮ ሶፍትዌሩ ሃኪንግ ቲም ከሚባል የጣልያን ኩባንያ የመጣ መሆኑን ጠቆመ። ኩባንያው የምሸጠው ለመንግሥታት ብቻ ነው ይል ነበር፣ ይህን ማለት ከኃላፊነት የሚያወጣ ይመስል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኩባንያው ራሱ ተጠልፎ የውስጥ ሰነዶቹ ሲወጡ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋም ደንበኛው እንደነበር ታየ። ያኔ የጋዜጠኛን ፋይል ለማግኘት ውድ ሶፍትዌር መግዛት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ፋይሉን ራሳችን በፈቃዳችን እየጫንነው ነው።

ስለዚህ ስም፣ ሰፈር፣ የሥራ ቦታ ሳታወጡ ምንም ነገር አትጫኑ። ከተቻለ ያለ ኢንተርኔት ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚሠራ ነገር ተጠቀሙ። እንደ ዊስፐር ያሉ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ አሉ፤ አማርኛቸው ደካማ ስለሆነ ብዙ ማረም ይጠይቃል። በጣም የሚያሰጋ ጉዳይ ከሆነ ግን ቁጭ ብላችሁ በእጅ ጻፉት። አገር ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡት።

የኤአይን አማርኛ ሳያነቡ መለጠፍ

እንግሊዝኛው ጠዋት 8 ይላል። ኤአዩ «ከጠዋቱ 8 ሰዓት» ይላችኋል። እኛ ጋ ጠዋት 8 ሰዓት የሚባል የለም፣ 2 ሰዓት ነው። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው፦ 2014 ሲል የማን 2014 እንደሆነ ካላያችሁ ሰባት ስምንት ዓመት ትስታላችሁ። ስም ላይ የባሰ ነው። ፈረንጅ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። የፕሮፌሰሩን ዜና ከእንግሊዝኛ ስታስተረጉሙ «ፕሮፌሰር አማረ ተገደሉ» የሚል ሊወጣ ይችላል። አማረ አባታቸው ናቸው። ኀዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ሲያነብ አስቡት። አንዳንዴ ደግሞ አንቱ የሚባሉ ሰው በአንዴ «እሱ» ይሆናሉ። ፍርድ ቤት፣ ሞት፣ ክስ ያለበት ዜና ከሆነ ከመውጣቱ በፊት ሰው ቃል በቃል ያንብበው።

እውነተኛውን ቪዲዮ «ኤአይ ነው» ብሎ መጣል

ሐሰተኛ ምስል እንዳያታልለን ስንጠነቀቅ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ወድቀናል። የማንወደው ማስረጃ ሲመጣ «ኤአይ ነው» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2018 የካሜሩን ወታደሮች ሴቶችንና ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። መንግሥት መጀመሪያ ሐሰት ነው አለ። አፍሪካ አይ የሚባለው የቢቢሲ የምርመራ ቡድን ጋዜጠኞች ግን ከጀርባ የሚታየውን ተራራ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩ፣ ጥላ ለኩ፣ ቦታውንና ጊዜውን አገኙት። በኋላ ወታደሮች ተከሰው 10 ዓመት ተፈረደባቸው። ያኔ «ኤአይ ነው» የሚል ሰበብ ገና አልተለመደም ነበር። ዛሬ ቢሆን እሱ ነበር የሚባለው። ተራራውን፣ ጥላውን፣ የሱቁን ታፔላ ሳታዩ ቪዲዮ እውነት ነውም ሐሰት ነውም አትበሉ።

ኢንተርኔት ቢዘጋ ይሻላል ማለት

አይሻልም። በሰኔ 2012 ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር፣ ትግራይ ውስጥ ደግሞ ከዚያ እጅግ ረጅም ጊዜ። ሲዘጋ የሚጠፋው ጥላቻው ብቻ አይደለም፣ የተደረገውን የሚናገር ሰውም ድምፁ ይጠፋል።

ከማሽኑ ጀርባ ያሉትን መርሳት

የፌስቡክን አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ይዘት ናይሮቢ ቁጭ ብለው ሲያጣሩ የነበሩት የእኛው ልጆች ናቸው። ቀጣሪያቸው ሳማ የሚባል ኩባንያ ነበር። የሬሳና የግድያ ቪዲዮ ማየት የዕለት ሥራቸው ነበር። ከሥራ ከተባረሩ በኋላ ከ180 በላይ ሠራተኞች ተሰብስበው ከሰሱ። ከመካከላቸው ከ140 በላይ የሚሆኑት ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ሐኪም መርምሮ አረጋግጧል። ቻትጂፒቲ ክፉ ነገር እንዳይናገር ክፉውን ጽሑፍ እያነበቡ ምልክት ያደረጉትም እዚያው ከተማ፣ በዚያው ኩባንያ የተቀጠሩ ሠራተኞች ናቸው፤ በሰዓት ከ2 ዶላር ባነሰ።

ስለ ኤአይ ዝግጅት ስታዘጋጁ ባለሙያና ባለሥልጣን ብቻ አትጥሩ። ከእነዚህ ልጆች አንዷን ፈልጉና ጠይቁ። ብዙዎቹ ምስጢር ጠብቁ የሚል ወረቀት ፈርመዋል፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ቅረቧት፣ ስሟ ይቅር ካለች ይቅር። ቅጂውንም እጃችሁ ላይ ብቻ አቆዩት።