ኧርሊ ዲሲዥን ከመፈረማችሁ በፊት ዋጋውን አስሉ

በአሜሪካ ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ማመልከቻ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ የሚቀርብና ተቀባይነት ካገኘ ሌሎቹን ማመልከቻዎች የሚያሰርዝ በመሆኑ፣ የገንዘብ እርዳታን ጎን ለጎን አስተያይቶ ለመምረጥ ዕድል አይሰጥም። ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ ኖቬምበር 1 ስለሆነ፣ አስቀድማችሁ የግብር ሰነዳችሁን ይዛችሁ ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡና በየኮሌጁ ድረ ገጽ ያለውን ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር (ከእርዳታ በኋላ ከኪሳችሁ የሚወጣውን የሚገምት ማስያ) ሙሉ። አንዳንዱ ካልኩሌተር ብድርን እንደ እርዳታ ቆጥሮ ስለሚቀንስ፣ እሱን መልሳችሁ ደምሩበት። ከአቅማችሁ በላይ የሆነው ኮሌጅ፣ ልጃችሁ የቱንም ያህል ቢወደው፣ አስገዳጅ ላልሆነው መደበኛ ዙር ይቆይ። ታክሲ የምትነዱ ወይም የራሳችሁ ንግድ ያላችሁ ወላጆች ግን፣ ስሌቱ ለእናንተ ገቢ ብዙም ስለማያስተማምን፣ ከመፈረማችሁ በፊት የኮሌጁን የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ቅድመ ግምት በጽሑፍ ጠይቁ።