«መዝገቡ የለም» ሲሏችሁ፦ ባሕር ዳር ላይ የፍርድ ቤት መዝገብ ፍለጋ

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ ብዙ ክረምት አልፎብኛል። ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ፊቱ ጠቁሮ የሚመለስ ሰው «የለም አሉኝ» ይለኛል፤ እኔም «ምን ብለህ ጠየቅሃቸው?» እለዋለሁ። የመዝገብ ቤት «የለም» አብዛኛውን ጊዜ «በሰጠኸኝ ስም የለም»፣ ወይ «በሰጠኸኝ ቁጥር የለም»፣ ወይ «እዚህ ቤት የለም» ማለት ነው። መዝገቡ ግን የሆነ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የተባላችሁትን ቃል ይዛችሁ ከታች የእናንተን ፈልጉ።

«በዚህ ስም የተከፈተ መዝገብ የለም»

ትልቁ ጣጣ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት ልበል።

መዝገብ የሚከፈተው ፍርድ ቤት ቀርቦ በጠየቀው ሰው ስም ነው፤ በአመልካች ወይም በከሳሽ። አንዲት እናት ከሽምብጥ መጥተው የሟች ባለቤታቸውን የውርስ መዝገብ ሁለት ቀን አስፈለጉ፤ ታጣ። ሲጣራ የወራሽነት ማስረጃውን ያወጣችው የመጨረሻ ልጃቸው ኖራለች፤ መዝገቡም የተከፈተው በእሷ ስም ነው። ሟች በመዝገቡ ሆድ ውስጥ አሉ፣ በሽፋኑ ላይ ግን የሉም። የውርስ መዝገብ ስትፈልጉ የሟችን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ከሳሾቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ሽፋኑ ላይ «እነ እገሌ (5 ሰዎች)» ይባላል። አክስታችሁ አራተኛዋ ከሳሽ ከነበሩ በእሳቸው ስም ሺህ ጊዜ ቢፈለግ አይገኝም።

ቀጥሎ የፊደሉ ነገር አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ውሰዱ፤ ፀ እና ጸ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሲፈራረቁ ስድስት መልክ ይወጣዋል። ለእኛ ስድስቱም አንዲት ሴት ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ስድስት ሴቶች። «ኃይለ ማርያም» በሙሉ ሊጻፍ ይችላል፣ «ኃ/ማርያም» ተብሎ ሊቆረጥ ይችላል፣ «ሀይለማርያም» ተብሎ ሊጋጠም ይችላል። በዚህ በኩል የድሮው የእጅ መዝገብ ከኮምፒውተሩ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ዓይኑን በገጹ ላይ የሚያንሸራትት ጸሐፊ ሠናይትን በእሳቱ ሰ ተጽፋ ቢያገኛት አያልፋትም።

ማዕረግና የክርስትና ስምም ያሳስታሉ። አካባቢው ሁሉ «መሪጌታ እገሌ» የሚላቸው ሰው መዝገብ ላይ ያለ ማዕረግ በዓለም ስማቸው ገብተው ይሆናል። የገዳማቱ አካባቢ የመሬት ክርክሮች ላይ ይህ ደጋግሞ ገጥሞኛል።

መፍትሄው አንድ ወረቀት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የከሳሽን፣ የተከሳሽን፣ የወራሾቹን ሁሉ ስም እስከ አያት ድረስ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሊጻፍ የሚችልባቸውን ፊደሎች ጨምሩ። መስኮቱ ላይ «በንጉሡ ሠ ሞክርልኝ፣ ካልሆነ በዓይኑ ዐ» ማለት አያሳፍርም። በከሳሽ ካልተገኘ በተከሳሽ አስፈልጉ፤ ባላጋራችሁ ስሙ በደንብ የተጻፈ ሰው ሊሆን ይችላል።

«ይህ ጉዳይ እኛ ዘንድ አይደለም»

ባሕር ዳር የክልሉ ዋና ከተማ ስለሆነች የወረዳውም፣ የከፍተኛውም፣ የጠቅላዩም ፍርድ ቤት በአንድ ከተማ ይገኛሉ። ብዙ ሰው ሦስቱን አንድ ቤት አድርጎ ያያቸዋል። መዝገብ ቤታቸው ግን የየራሳቸው ነው፤ በወረዳ ያለቀ ጉዳይ በከፍተኛው መስኮት አይወጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ክርክሩን ያየው የትኛው ደረጃ ነው?» የሚል ነው። በእጃችሁ ያለ የቆየ መጥሪያ ወይም ትዕዛዝ ካለ ከራስጌው ይነበባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ቦታው ነው። የመሬትና የቤት ክርክር ንብረቱ ባለበት ቦታ ይታያል። ውርስ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 826 መሠረት የሚከፈተው ሟቹ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። ሰው ታሞ ከደራ ወደ ባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይመጣል፤ እዚያው ያርፋል፤ ዘመድ መዝገቡን ባሕር ዳር ይፈልጋል። መዝገቡ ያለው ደራ ነው፤ ሰውየው የኖሩት እዚያ ነውና።

ጣናም ያሳስታል። ሐይቁን ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሁሉም አንድ አገር ይመስላል፤ ፎገራና ደራ ግን ደቡብ ጎንደር ናቸው፣ ከወረዳ ያለፈው ክርክራቸው ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። ጎርጎራ ላይ ያለ ቤት በጎንደር በኩል ነው። ዘጌ፣ መሸንቲና ጢስ ዓባይ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ሆኖም ክርክሩ የቆየ ከሆነ ባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳንም ጠይቁ። የዘጌ ቡና መሬት መዝገብ ከከተማው ታጥቶ እዚያ ሲገኝ አይቻለሁ። ሰሜን ጎጃም ከምዕራብ ጎጃም ተለይቶ ዞን ከሆነ ወዲህ ደግሞ «ዞኑ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ክርክሩ በነበረበት ዓመት ወረዳው የትኛው ዞን ውስጥ እንደነበረ ይጠየቃል።

በጣም የቆየ ነገር ከሆነ ባሕር ዳር ያኔ የጎጃም አንድ ክፍል እንደነበረች፣ የጎጃም ዋና ከተማም ደብረ ማርቆስ እንደነበር አትርሱ። የአያታችሁ ክርክር እዚያ ድረስ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ሦስት ነገሮች ደግሞ መደበኛ ፍርድ ቤት ሲፈለጉ ከርመው ሌላ ቤት ይገኛሉ። ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው በሸሪዓ ፍርድ ቤት የጨረሱት የጋብቻ ወይም የውርስ ጉዳይ መዝገቡ እዚያው ነው። ትንንሽ የቀበሌ ክርክሮች ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ላይ አልቀው ይሆናል። «ከወንጀል ነፃ» የሚባለውን ወረቀት የሚሰጠው ደግሞ ፖሊስ ነው፤ ለእሱ ብላችሁ የፍርድ ቤት ሰልፍ አትያዙ።

ቁጥሩ አለኝ፤ ሲፈለግ ግን የሌላ ሰው መዝገብ ይወጣል

አንድ ክርክር አንድ ቁጥር ብቻ አይኖረውም። ሲጀመር አንድ ቁጥር ያገኛል፤ ይግባኝ ሲባል በላይኛው ፍርድ ቤት አዲስ ይሰጠዋል፤ ተፈርዶ ወደ አፈጻጸም ሲገባ ደግሞ ሌላ። የወንጀል ጉዳይ ከሆነ የፖሊስ ምርመራ መዝገብ ቁጥርና የዐቃቤ ሕግ ቁጥርም ይደረብበታል። ሰው እጁ ላይ የቀረውን አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ወረቀቱ የአፈጻጸም ትዕዛዝ ሆኖ ሳለ ፍርዱን በእሱ ቁጥር ያስፈልጋል።

ቁጥሩን ከነቤቱና ከነዓመቱ ያዙ። ከቁጥሩ ፊት በሰረዝ የተለየ አሃዝ ካለ እሱንም አትጣሉ። የአፈጻጸም መዝገብ ካገኛችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በውስጡ የዋናው ፍርድ ግልባጭና ቁጥር ይገኛል። ከውጭ አገር የምትፈልጉ ደግሞ ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት ነው። በዚች አንድ ዓመት ስሕተት ሙሉ መደርደሪያ ተገላብጦ ያውቃል።

«መዝገቡ ወጥቷል»

ይህ መልስ ከ«የለም» ይሻላል፤ መኖሩ ተረጋግጧል። ወጥቶ የሚሄድባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፦ ለውሳኔ ዳኛው ዘንድ፣ ለጽሕፈት፣ ወይም የይግባኝ ፍርድ ቤት «የሥር መዝገብ ይምጣ» ብሎ አዝዞ ወደ ላይ። «መቼ ይመለሳል?» ከማለት «ማን ፈርሞ ወሰደው፣ በምን ቁጥር?» ማለት ይሻላል። ወደ ይግባኝ ከሄደ የይግባኙን ቁጥር ይዛችሁ ወደዚያ ሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ የይግባኝ ቀን። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው፣ ከይግባኙ ጋርም የፍርዱ ግልባጭ ይያያዛል። መዝገቡ «ወጥቷል» እየተባለ 60 ቀኑ ሲያልቅ እንባቸውን የሚያፈሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። ፍርዱ በተነበበ ማግሥት የግልባጭ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን አስገቡ፣ ሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ኪሳችሁ አስቀምጡ። ጊዜው ቢያልፍ እንኳ ከጊዜ ውጭ ለማስፈቀድ በቂ ምክንያት ማሳየት ያስፈልጋል፤ ያች ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ያኔ ትናገርላችኋለች። በቃል የጠየቀ ሰው የሚያሳየው የለውም። እኔው ራሴ የዘመዴን ጉዳይ በቃል ብቻ እየጠየቅሁ ሦስት ሳምንት አባክኛለሁ፤ ለሌላው የምመክረውን ለራሴ ሳላደርግ።

ክረምት ላይ ፍርድ ቤቶች ለእረፍት ሲዘጉ ተረኛ ችሎት ብቻ ይቀራል፤ አስቸኳይ ካልሆነ ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ሂዱ። ዓርብ ረፋዱ አጭር ነው፤ ከሩቅ የምትመጡ ሌላ ቀን ምረጡ።

«አንተ ባለጉዳይ አይደለህም»

ችሎት በግልጽ ነው የሚያስችለው፤ ገብቶ መስማት ለማንም ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ በግልጽ ችሎት የመዳኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የተከራካሪዎች የግል ሕይወት፣ የሕዝብ ሞራል ወይም የአገር ደኅንነት ሲነካ ግን በዝግ ይታያል። ከዚያ ተነሥቶ «ፋይሉን አውጡልኝ» ማለት ሌላ ነገር ነው። በመዝገቡ ውስጥ የሰው ባንክ፣ የሰው ሕመም፣ የሰው ልጅ ጉዳይ አለ። መዝገብ ቤቱ ቢጠነቀቅ አልፈርድበትም።

መንገዱ በጽሑፍ ማመልከት ነው፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን መዝገብ፣ ለምን፣ ከመዝገቡ የምትፈልጉት ፍርዱን ብቻ ነው ወይስ ሙሉውን። «ፍርዱን ብቻ» ያለ ሰው ቶሎ ይስተናገዳል። ተማሪና ተመራማሪ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይያዝ። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይላል፤ ይህንን በማመልከቻችሁ ላይ በትህትና መጥቀስ አይጎዳም። ለዘመድ የምትከታተሉ ከሆነ ውክልናው ላይ «ግልባጭ ለመውሰድ» የሚል ቃል መኖሩን አንብቡ፤ ለቤት ሽያጭ ብቻ የተጻፈ ውክልና ይዘው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

ቤት ሊገዙ «ክስ ይኖርበት ይሆን?» ብለው የሚመጡ አሉ። እነሱን ወደ ፍርድ ቤቱ መስኮት አልልካቸውም፤ በየትኛው ስም እንደሚፈልጉ አያውቁትምና። ፍርድ ቤት እግድ ሲሰጥ ትዕዛዙን ለይዞታ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይልካል፤ ስለዚህ ሻጩ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ከዚያ አስጽፎ ያምጣ። እግድ ከተገኘ ደብዳቤው ላይ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቁጥር አለ፤ ፍለጋው ያኔ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

በር ላይ «እኔ አወጣልሃለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጡ። የግልባጭ ክፍያ በደረሰኝ ነው።

በፌዴራል ፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ፈልጌ አጣሁት

ልታጡት ይገባል። ያ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ ነው። ባሕር ዳር ላይ የፌዴራል የሆነው ጉዳይ እንኳ በሕገ መንግሥቱ በተሰጠ ውክልና በክልሉ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለሚታይ መዝገቡ ያለው በክልሉ ቤት ነው።

አንድ በር ግን ክፍት ነው። ክርክሩ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት (በመጨረሻ ፍርድ ላይ ያለ የሕግ ስሕተት የሚያርመው ችሎት) ደርሶ ከሆነ ውሳኔው በየቅጹ ከሚታተሙት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የሰበር ውሳኔ ጉዳዩ ከየት እንደመጣ ይተርካል፤ የሥር ፍርድ ቤቶቹን ስም፣ ብዙ ጊዜም የመዝገብ ቁጥራቸውን ይጠቅሳል። ከላይ ወደ ታች ተከትላችሁ የወረዳውን ቁጥር አግኝታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። አንድ ጠበቃ ያስተማረኝ ዘዴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠቅሜበታለሁ።

«ጠፍቷል»

ሁሉንም ሞክራችሁ በእውነት ከጠፋ፣ ውኃ ገብቶበት ወይም አይጥ በልቶት ከሆነ፣ የመዝገቡ ልጆች በየቦታው አሉ። ይግባኝ ተብሎ ከነበረ ላይኛው ፍርድ ቤት የፍርዱ ግልባጭ አለው። ተፈጽሞ ከነበረ የአፈጻጸም መዝገቡ ውስጥ አለ። በፍርዱ መሠረት ካርታ ተለውጦ ከነበረ መሬት ጽሕፈት ቤቱ የቤቱ ማኅደር ውስጥ አያይዞታል። ባላጋራችሁም በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀመጠው ይሆናል፤ ተፈርዶለት ከነበረማ በእርግጠኝነት።

ያገኛችሁትን ግልባጭ ይዛችሁ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት አመልክቱ፤ መዝገቡ መጥፋቱን መዝገብ ቤቱ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ፣ ከዚያም በግልባጩ ተተክቶ እንዲደራጅ። የመጀመሪያውን ማረጋገጫ ሳታገኙ ሁለተኛውን አትጠይቁ። «ጠፍቷል» ብሎ ለመፈረም የሚገደድ ጸሐፊ እንደገና አንዴ ይፈልጋልና፣ ሦስት ጊዜ ያህል በዚህ ፊርማ ሰበብ መዝገቡ ራሱ ሲወጣ አይቻለሁ።