ያልተነገረውን ግምት ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ዘንድሮ በቢቸና ዙሪያ ዝናቡ በጊዜው ገብቶ በጊዜው ወጥቷል፤ ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ገበያ የጤፍ ዋጋ ይቀንሳል።» ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችን ሳስጠና ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ተናጋሪው ሳይናገር የተቀበለው ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ የሚመጡልኝ የተሳሳቱ መልሶች ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ ናቸው።

ብዙዎች ውጤቱን ከግምቱ ጋር ያምታታሉ። «ሸማቹ እፎይ ይላል» የሚለው ዋጋው ከቀነሰ በኋላ የሚከተል ነገር እንጂ ክርክሩ የቆመበት ምሰሶ አይደለም። መነሻው የሚናገረው ስለ ዝናብ፣ ድምዳሜው ስለ ዋጋ ስለሆነ፣ ከዝናብ ወደ ምርት፣ ከምርት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ዋጋ የሚያሻግረውን እያንዳንዱን እርምጃ መመርመር ያስፈልጋል። «ዝናቡ ጥሩ ነበር» ብሎ መመለስም መነሻውን መድገም ነው፤ የተነገረ ነገር ስውር ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ስህተት የራስን ዕውቀት ማስገባት ነው። የጎጃም ጤፍ ተፈላጊ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ክርክር ግን አያስፈልገውም። በአንጻሩ አንድ ግምት ሐሰት ሆኖም ክርክሩ ሊደገፍበት ይችላል።

የዋሸራ ቅኔ ዝና በሚወራበት አገር ላደገ ተማሪ ደግሞ የተለየ ፈተና አለ። ከተነገረው በስተጀርባ ወርቅ መፈለግ ስለለመደ፣ «ተናጋሪው ነጋዴዎችን ሊነካ ፈልጎ ነው» ይላል። ይህ ልማድ ውድ ነው፤ ነገር ግን ባለቅኔው ወርቁን አውቆ ይሰውረዋል፣ አድማጩም ሁለት ፍቺ ከያዘው ኅብረ ቃል ይፈታዋል። ስውር ግምት ግን በየትኛውም ቃል ውስጥ አልተቀበረም፤ ተናጋሪው ራሱ ልብ ሳይለው በሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል የተወው ክፍተት ስለሆነ፣ የሰውየውን ፍላጎት መገመት ወደ መልሱ አያደርስም።

ፈተናው ከሚያቀርባቸው የመልስ ምርጫዎች ከሚያስፈልገው በላይ የጠነከረውን መምረጥም የተለመደ ነው። ተናጋሪው «የጤፍን ዋጋ የሚወስነው ዝናብ ብቻ ነው» ማለት አይጠበቅበትም፤ የዝናቡን በረከት የሚያጠፋ ሌላ ምክንያት አለመኖሩ ይበቃዋል። «ብቻ» እና «ሁልጊዜ» ያለበትን ምርጫ ሁሉ በጅምላ መጣል ግን አይገባም፤ ድምዳሜው ራሱ እንደዚያ ጠንካራ ከሆነ ሊያስፈልጉ ይችላሉ።

አስተማማኙ መፈተኛ የተጠረጠረውን ግምት መካድ ነው። «በቂ ጤፍ ደብረ ማርቆስ ገበያ ይደርሳል» የሚለውን እንካድ፦ ነጋዴው ከአውድማው ጭኖ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አዲስ አበባ ከወሰደው፣ ዝናቡ የቱንም ያህል ቢያምር የደብረ ማርቆስ ዋጋ ይቀንሳል ለማለት ምክንያት አይኖርም። ድምዳሜው ድጋፍ ስላጣ ግምቱ አስፈላጊ ነበር ማለት ነው።

ብርቱው ስህተት እዚሁ አካካዱ ላይ ይፈጸማል፤ ቋንቋችንም ያሳስተናል። «ሁሉም ገበሬዎች ጤፍ ዘርተዋል» የሚለውን ካዱ ሲባሉ ብዙዎቹ «ሁሉም ገበሬዎች ጤፍ አልዘሩም» ብለው ይጽፋሉ። ይህን አንዱ «ማንም አልዘራም»፣ ሌላው «የዘሩም ያልዘሩም አሉ» ብሎ ያነበዋል። በመጀመሪያው ንባብ የሄደ ተማሪ ክህደቱን ከልክ በላይ ስለሚያከብደው፣ ለክርክሩ የማያስፈልገው ግምት ሁሉ አስፈላጊ ይመስለዋል። ስለዚህ ክህደቱ «ጤፍ ያልዘራ ቢያንስ አንድ ገበሬ አለ» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ያ አንድ ገበሬ ባለመዝራቱ ድምዳሜው ካልተናጋ፣ ያ ምርጫ ይሰረዛል።