ከዲለር (ከመኪና ነጋዴ) የተገዛ ያገለገለ መኪና ሲበላሽ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ለሚሄዱ ወገኖች

ከባሕር ዳር ተነሥተው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚሰፍሩ ወገኖቻችን ሥራ እንደ ጀመሩ ከሚገዟቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ መኪና ነው፤ ያውም ያገለገለ መኪና። ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ አገር ብዙ ዓመት ኖሬ ወደ ባሕር ዳር ከተመለስኩ በኋላ፣ ለጉዞ የሚሰናዱ ወጣቶች ስለ ቪዛና ስለ ቤት ኪራይ ደጋግመው ሲጠይቁኝ ስለ መኪና የሚጠይቀኝ ግን ስላጣሁ ነው።

በእኛ ከተማ መኪና ሲገዛ ደላላው ሻጭና ገዢን ያገናኛል፣ የሚታመን መካኒክ ተጠርቶ ኮፈኑ ይከፈታል፣ የሞተሩን ጉልበትና የካምቢዮውን ጤንነት ለማየት መኪናው ወደ ቤዛዊት አቀበት ይነዳል፤ ከርክክብ በኋላ ጉድለት ቢገኝም ደላላውና ምስክሮቹ እዚሁ ስላሉ ነገሩ በሽማግሌ ሊታይ ይችላል። በአሜሪካ ሻጩን የሚይዘው ወረቀት ነው። «ችግር ካለ አምጣው፣ እኛ አለንልህ» ብሎ የሸኘዎት የሽያጭ ሠራተኛ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ቢለቅ ያንን ቃል የሚያስታውስልዎት ሰው አይኖርም። ስለዚህ በቃል የተገባልዎት ማናቸውም ነገር ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቁ፤ አልጽፍም ካለ ያን ቃል እንዳልገባ ይቁጠሩት።

ከሁሉ አስቀድሞ መነበብ ያለበት በመኪናው መስኮት ላይ የሚለጠፈው «ባየርስ ጋይድ» የተባለው ወረቀት ነው። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ በ12 ወራት ውስጥ ከ5 በላይ ያገለገሉ መኪኖችን የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ወረቀት እንዲለጥፍ ያስገድዳል። በወረቀቱ ላይ «አዝ ኢዝ» («ባለበት ሁኔታ») የሚለው ሳጥን ምልክት ከተደረገበት ነጋዴው ለጥገና ኃላፊነት አልወስድም ማለቱ ነው፤ «ዋራንቲ» የሚለው ከሆነ ደግሞ የትኛው ክፍል፣ ለምን ያህል ጊዜና ከወጪው ስንት በመቶው እንደሚሸፈን መጻፍ አለበት። ወረቀቱ የሽያጩ ውል አካል ስለሆነ፣ በውሉ ውስጥ ከእርሱ የሚቃረን ነገር ቢኖር የሚጸናው ይኸው በመስኮቱ ላይ የነበረው ነው። በመስኮቱ ላይ እንዳለ ፎቶ ያንሡት፤ ሲረከቡም ይዘውት ይውጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቨርጂኒያን ከዲሲና ከሜሪላንድ የሚለየውን የፖቶማክ ወንዝ መሻገር ለዚያ አገር ሰው ከከተማ ወደ ዓባይ ማዶ እንደ መሻገር ቀላል ነው፤ ሕጉ ግን ይለወጣል። ቨርጂኒያ ገዢው በግልጽ እስከ ፈረመ ድረስ የ«አዝ ኢዝ» ሽያጭን ትፈቅዳለች። ሜሪላንድ ለነጋዴ የምትፈቅደው መኪናው ከ6 ዓመት በላይ ያስቆጠረና ከ60,000 ማይል በላይ የተነዳ ሲሆን ብቻ ነው። ዲሲ ደግሞ ነጋዴዎች ያገለገለ መኪና በዚህ መንገድ እንዲሸጡ አትፈቅድም። «አዝ ኢዝ» በማይፈቀድበት ቦታ ምንም የጽሑፍ ዋስትና ባይኖር እንኳ፣ መኪናው ለተራ አገልግሎት ብቁ መሆን አለበት የሚለው በሕግ የሚገመት ዋስትና ለገዢው ይቆምለታል። በእኔ አስተያየት አዲስ መጤ የሆነና የሚተማመንበት መካኒክ የሌለው ሰው፣ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም፣ ይህ ዋስትና ካለበት ቦታ ቢገዛ ይሻለዋል።

መኪና በ3 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚለው በወገኖቻችን ዘንድ የሚወራ ነገር ትክክል አይደለም። የፌዴራሉ የ3 ቀን የመሰረዣ መብት ከነጋዴው መደብር ለተገዛ መኪና አይሠራም፤ ነጋዴው በራሱ ፈቃድ የመመለሻ ቀን ካልሰጠ በቀር ከፈረሙ ፈረሙ።

መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ከነጋዴው ጋር ግንኙነት ለሌለው መካኒክ ከፍለው ያስፈትሹ። ከባሕር ዳር የሄደ ሰው ዓይኑ ያልለመደው አንድ ነገር ዝገት ነው፤ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናውን ሆድ፣ የፍሬን ቱቦዎችንና ሻንሲውን ይበላል፤ ከላይ ግን ቀለሙ ያብረቀርቃል። ሁለተኛው የመኪናው ኮምፒውተር ችግር አግኝቶ የስህተት ኮድ ሲመዘግብ በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የ«ቼክ ኢንጅን» መብራት ነው። መብራቱ አለመብራቱ ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የስህተት ኮዱ በትንሽ መሣሪያ ሊደመሰስ ይችላልና። ኮድ ሲደመሰስ ግን የመኪናው ኮምፒውተር የራሱ ፍተሻዎች አብረው ይሰረዛሉ፤ እንደገና የሚሟሉትም መኪናው ከተነዳ በኋላ ነው። መካኒኩ መሣሪያውን ሲሰካ አብዛኞቹ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» የሚል ውጤት ካሳዩ፣ በቅርብ ጊዜ ኮድ ተደምስሷል ወይም ባትሪ ተነቅሏል ማለት ነው፤ ምክንያቱን ሳያውቁ አይፈርሙ። ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሻንሲ ቁጥሩንም በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ያልተሠራ የአምራች ጥሪ፣ ማለትም አምራቹ ጉድለት አግኝቶ ለጥገና የጠራበት ጉዳይ፣ እንዳለበት ይመልከቱ። ገጹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን የነካውን ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸውን ኤርባጎች ጥሪ የመሰለ አደገኛ ጉዳይ ያሳይዎታል፤ እንዲህ ያለው ጥገና በአብዛኛው የሚሠራው በነጻ ነው።

ከገዙ በኋላ ጉድለት ከታየ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወሳኝ ናቸው። መኪናውን በብድር ከገዙ በብስጭት የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ አያቋርጡ። አበዳሪው መኪናውን ሊወስድና የብድር ታሪክዎን ሊያበላሽ ይችላል፤ ክርክርዎ ግን በዚያ አይፈታም። ሌላ ጋራዥም ሞተሩን ወይም ካምቢዮውን ፈትቶ እንዲጠግን አይፍቀዱ፤ ነጋዴው «ጉድለቱን ያመጣው ያ ጋራዥ ነው» ሊል ይችላል። ምርመራ ብቻ አስደርገው የጽሑፍ ውጤት ይቀበሉ፤ ከዚያ ተቀባዩ ፈርሞ በሚረከበው የአደራ ደብዳቤ ለነጋዴው ይጻፉ። ደብዳቤው ስድብም ልመናም አይፈልግም፤ የተገዛበት ቀን፣ ያኔና አሁን ያለው ማይል፣ ጉድለቱ የታየበት ቀን፣ የመካኒኩ ውጤት፣ የሚጠይቁት ነገርና የመልስ ቀነ ገደብ ይበቃሉ።

የእህቴ ልጅ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የገዛው መኪና ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ አልጨምር ይል ጀመር። «ጋሼ፣ አዝ ኢዝ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ አለቀልኝ» ብሎ ደወለልኝ። የፈረማቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ኢንሹራንስ መስሎት ሳያነብ ካስቀመጣቸው መካከል በሽያጩ ዕለት የከፈለበት የጥገና አገልግሎት ውል ተገኘ፤ በውሉ ግርጌ ግዴታውን የገባው ወገን ሆኖ የሰፈረው የነጋዴው ድርጅት ራሱ ነበር። ማግኑሰን ሞስ የሚባለው የ1975 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሕግ፣ ነጋዴው ራሱ ከሽያጩ በ90 ቀናት ውስጥ ከገዢው ጋር የአገልግሎት ውል ከገባ በሕግ የሚገመተውን ዋስትና መካድ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ይህም «አዝ ኢዝ» ተብሎ ቢፈረምም ይሠራል። ልጁ ይህንኑ ጠቅሶ ጻፈ፤ ድርጅቱም ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ካምቢዮውን በራሱ ወጪ ለወጠለት። ውሉን የገባው ሌላ ኩባንያ ሆኖ ነጋዴው ሻጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክር አይቆምለትም ነበር።

«አዝ ኢዝ» ማታለልንም አይሸፍንም። የማይል ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ ለማታለል ይህን ያደረገም ለገዢው የጉዳቱን 3 እጥፍ ወይም 10,000 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይከፍላል።

ደብዳቤው መልስ ካጣ በሜሪላንድና በዲሲ ለዋና ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል፣ በቨርጂኒያ ደግሞ የመኪና ነጋዴዎችን ፈቃድ ለሚቆጣጠረው ቦርድ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ፈቃዱን የሚፈራ ነጋዴ ብዙ ጊዜ በዚህ ደረጃ ለስለስ ይላል። በዲሲ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት በአማርኛ መስተናገድ መብትዎ ነውና እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብለው አይቅሩ። ለአነስተኛ ክርክሮች የተቋቋመው ችሎት በዲሲ እስከ 10,000፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ክስ ያያል፤ ያለ ጠበቃም መቅረብ ይቻላል። ክስ ከማቅረብዎ በፊት ግን በውሉ ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ እንዳለ ይመልከቱ፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደውን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። አስተርጓሚ ሲያስፈልግዎ ከቀጠሮው ቀን ቀድመው ከፍርድ ቤቱ ይጠይቁ፤ ዘመድ ይዞ መቅረብ ነገር ያዛባል።

ነጋዴው መኪናውን መልሼ እወስዳለሁ ካለ ቁልፉን ከመስጠትዎ በፊት ብድሩን ማን እንደሚዘጋ፣ ቅድሚያ የከፈሉት ገንዘብ መቼ እንደሚመለስና የተገዛው ተጨማሪ ውል እንደሚሰረዝ በፊርማ ያረጋግጡ፤ ከዚያም አበዳሪው ዕዳው መዘጋቱን በጽሑፍ እስኪያሳውቅዎት ድረስ ክፍያዎን ይቀጥሉ።