ለማናውቀው ሰው ስንሰጥ፦ እየረዳን ነው ወይስ እያስለመድን?

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ አንዱ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ ይቅርታ፣ ለማኝ አይደለሁም...» ብሎ ሲጀምር ውስጣችን ሁለት ሰው ይጣላል፣ አንዱ ስጠው ይላል፣ ሌላው አታስለምደው። እኔ ስንት አመት ሙሉ ይዋሻል አይዋሽም እያልኩ ፊት ሳነብ ኖሬ ተሳስቻለሁ፣ ስለዚህ ተውኩት። አሁን የማስበው ይሄ ብር ማታ ላይ ምን ይሆናል የሚለውን ነው።

በ12 ሚካኤል በ21 ማርያም ደጅ ላይ የሚቀመጡት እትዬዎች፣ አርብ መስጊድ በር ላይ ያሉት አባባዎች፣ ጡረታ የላቸው ጧሪ የላቸው፣ እነሱን ማስለመድ ብሎ ነገር የለም። ዝርዝር ያዙና ስጡ፣ ፍልስፍና አያስፈልግም።

ጭንቅላት የሚበላው ታሪክ ይዞ የሚመጣው ነው። ማዘዣ ከያዘ ብር አትስጡ፣ አብራችሁ መድኃኒት ቤት ግቡ። ቀኑን እዩት፣ ከተቻለ የከተማው ከነማ መድኃኒት ቤት ሂዱ ዋጋው ይሻላል፣ ከገዛችሁለት በኋላ ባለሙያው ወረቀቱ ላይ መሰጠቱን እንዲጽፍበት ጠይቁ፣ አለበለዚያ ያው ወረቀት ነገ ሌላ ሰው ፊት ይዘረጋል።

ትራንስፖርት ካለም እንደዛው። አንዴ አዲስ አበባ መገናኛ ላይ አንድ ልጅ ተሰረቅኩ፣ ደብረ ብርሃን መግቢያ አጣሁ አለኝ። እኔ ደግሞ ላጋልጠው ብዬ «ና ላምበረት መናኸሪያ ልውሰድህና ትኬቱን ልቁረጥልህ» አልኩት፣ አይ አንተ አትልፋ ብሩን ብቻ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ፌስታሉን አንስቶ ከፊቴ መራመድ ጀመረ። መናኸሪያው ጋ ዳቦ ገዛሁለት፣ ግማሹን በልቶ ግማሹን ለመንገድ ብሎ ፌስታሉ ውስጥ ከተተው። አፍሬ ቀረሁ። በሌላ ቀን ተመሳሳይ ነገር ሌላውን ሰውዬ ስለው «እሱን ተወው፣ ግማሹን ብቻ ስጠኝ» አለኝና ሄደ። አብሮ መሄድ ጥሩነቱ ይሄ ነው፣ መርማሪ መሆን አይጠበቅባችሁም፣ ሰውየው ራሱ ይለያል።

ማስቲሽ ለሚስብ ልጅ ግን ጥሬ ብር በፍጹም፣ ወይ ማስቲሽ ይሆናል ወይ ማታ ትልልቆቹ ይቀሙታል። ሻይ ቤት አስገቡት፣ ፍርፍር እዘዙለት፣ እዛው ይብላ። ብስኩት ከሰጣችሁ ከፍታችሁ ስጡ፣ የታሸገ ይሸጣል። በትምህርት ሰዓት ሶፍት የሚያዞሩ ህጻናት ላይ እኔም እስካሁን አልቆረጥኩም፣ ገዛህ ማለት ነገም እዛው ይልኩታል፣ ካልገዛህ ደግሞ ዛሬ ባዶ እጁን ቤት ይገባል።

የህክምና ፖስተር ሲያጋጥማችሁ ደግሞ የሆስፒታሉን ደብዳቤ እዩ፣ ስልኩ ላይ ደውሉ፣ አካውንቱ በታማሚው ወይ በቤተሰቡ ስም መሆኑን ጠይቁ። ሲጠየቅ የሚቆጣ ካለ እለፉት።

ከሌላችሁም ወይ ካልፈለጋችሁ አይን አይናቸውን እያያችሁ «እግዜር ይስጥልኝ» በሉ፣ እንዳልሰማ ማለፍ ከመከልከል ይብሳል።

በየቀኑ አንድ ቦታ የምታገኙት ሰው ካለ ግን ስሙን ጠይቁት፣ ከዛ አንድ ቀን ረጋ ብላችሁ «ምን ብታገኝ ነው እዚህ መቆም የምትተወው?» በሉት። እኛ መስሪያ ቤት በር ላይ የነበረው ሰውዬ ይሄን ስጠይቀው አንድ ደቂቃ እንኳን ሳያስብ «የሰው ሚዛን» አለኝ። ለሦስት አዋጥተን ገዛንለት። ክረምት ላይ ውሃ ገብቶበት ተበላሸ፣ በቃ ሊመለስ ነው ብለን ስናወራ ሁለተኛውን ራሱ ገዝቶ መጣ። እኔን በነፃ ነው የሚመዝነኝ፣ ኪሎዬን ግን መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው።